ብልህ ያልሆነው እንስሳስ?

«ቤብ» (እ.ኤ.አ. 1995) ላይ ላዩን ሲያዩት ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚስቅበት ፊልም ነው፤ ቤብ የተባለ አንድ የአሳማ ግልገል የእረኛ ውሻን ሥራ ተምሮ በውድድር መቶ ከመቶ ያገኛል። ከሳቁ ሥር ግን የሞት ፍርድ አለ። የቤቱ ድመት አሳማ የሚያገለግለው ለመበላት ብቻ እንደሆነ ለግልገሉ ታረዳዋለች። ዳክዬው ፈርዲናንድ ነገሩ ቀድሞ ስለገባው ጎህ ሲቀድ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ ሥራ ያለው አይታረድማ! ገበሬው ሆጌትም ግልገሉን ከገና ቢላ ሲያስጥለው ለሚስቱ የሚያቀርበው ምክንያት ሽልማት ሊያስገኝ ይችላል የሚል ነው። በእሱ ፈንታ ገበታ ላይ የቀረበችው ዳክዬዋ ሮዛና ናት፤ እሷ ምንም ልዩ ተሰጥኦ አልነበራትም። እንግዲህ በችሎታ የተገዛ ሕይወት ምሕረት ሊባል ይችላል? እኔ ደመወዝ ነው እላለሁ።

ሕፃን አንድን እንስሳ በስሙ ከወደደ ቀስ በቀስ ለሌሎቹም ይራራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነትነት አለው፤ ሆጌትን ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ክሮምዌል ራሱ በዚያ ፊልም ሳቢያ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ መተዉን ተናግሯል። ሆኖም አድናቆት መራጭ ነው፤ ተመልካቹ ለቤብ ሲያለቅስ ሮዛናን ረስቷል። ፊልሙን የሚያድነው የቤብ ድል ሳይሆን ጠባዩ ነው። ውሾቹ ደደብ ናቸው ብለው የሚንቋቸውን በጎች እሱ በትሕትና ይለምናቸዋል፤ ይገባቸው እንደሆነ አስቀድሞ አልፈተናቸውም።

በጾመ ነነዌ የሚነበበው የዮናስ ታሪክም በዚህ በኩል ይቆማል። እግዚአብሔር ከተማይቱን የሚራራላት ቀኝና ግራቸውን ስለማይለዩ ከ120,000 በላይ ሰዎች፣ ደግሞም ስለ ብዙ እንስሳት ብሎ ነው፤ አለማወቃቸው ራሱ ለርኅራኄ ምክንያት ሆነ። በአእምሮ ልክ የምንመዝን ከሆነ ጨቅላው፣ አእምሮው የታመመውና የጃጀው አዛውንት የት ሊወድቁ ነው? «ታዲያ ሥጋ አንብላ?» ለሚል፣ ይህ ክርክር ብቻውን ያን አይከለክልም። የሚነጥቀን አንድ ሰበብ ነው፦ ደደብ ስለሆነ ግድ የለም የሚለውን።