አራት ምስክር ይበቃል

ይስሐቅ ሚስቱን የተቀበለው በሜዳ ነው። በዘፍጥረት 24 እንደተጻፈው፣ ቀኑ ሲመሽ ሊያሰላስል ወደ ሜዳ ወጥቶ ሳለ ቀና ቢል ግመሎች ሲመጡ አየ። ርብቃም አየችውና ከግመሏ ወርዳ ያ ሰው ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሲነገራት ተከናነበች። ከዚያ በኋላ የሚጠቀሰው ድንኳን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሟች እናቱ የሣራ ድንኳን። ስንት በሬ እንደታረደ፣ ማን እንደተጠራ፣ ማን ሳይጠራ ቀርቶ እንደተቀየመ አንድም ቃል አልተጻፈም። የአብርሃም ቤት ደግሞ ያጣ ቤት አልነበረም። አሥር ግመል ጭኖ ወርቅና ልብስ የላከ ቤት ነው፤ ቢፈልግ አገር ሙሉ መጥራት ይችል ነበር።

ይህን ክፍል ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። በእኛ በአዲሎም ሆነ በዱራሜ፣ በሆሳዕናም ሆነ በየቀበሌው፣ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ይዘው መምጣት ጀምረዋል። ድንኳን ሳንተክል፣ ሰንጋ ሳንጥል፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆመን ጸልዩልንና እንጋባ ይላሉ። ወላጅ ይህን ሲሰማ የመጀመሪያ ሐሳቡ ልጁ ምን ደብቆኝ ነው የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ምን ይለኛል የሚል። እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ነገር ግን ከእነርሱ ጋር የምሆንበት ልክ አለ፤ ዛሬ የምናገረውም ስለ ልኩ ነው።

መጀመሪያ ስለ ድንኳኑ። አንድ ሠርግ ምን እንደሚጠይቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ኮሚቴ ውስጥ ያልገባ ማን አለ? ሽማግሌ ሲላክ የሚያዘው፣ ጥሎሹ፣ ሰንጋው፣ ቆጮው፣ ቅቤው፣ ለስላሳው፣ ቬሎው፣ ዲኮሩ፣ የሚዜዎቹ ሙሉ ልብስ፣ ኮስተሩ፣ ሞንታርቦው፣ ቪዲዮው። ከዚያ መልሱ፣ ከዚያ ቅልቅሉ። በዚህ ላይ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ ከዚያ በሚላክ ገንዘብ የሚደገስ ሠርግ የመንደሩን ሚዛን ለውጦታል። ልጁ ባሕር ማዶ ያለው ሰው የደገሰውን አይቶ፣ እዚህ መሬት የሚቆፍረው ጎረቤት በዚያው ልክ ልደግስ ይላል። በሬው ይሸጣል፣ ዕቁቡ ቀድሞ ይወጣል፣ ብድር ይገባል። አዲስ ተጋቢዎች የጫጉላቸውን ወር ዕዳ ሲቆጥሩ ያሳልፋሉ። አንዳንዷ ሙሽራ ደግሞ ከምታገባው ሰው ጋር የምትገናኘው ደቡብ አፍሪካ ደርሳ ነው፤ እዚህ የተተከለው ድንኳን ለማን እንደተተከለ እናንተው ፍረዱ።

ስለዚህ ሁለት ልጆች ይህን ሁሉ ትተው ሣር ላይ ቆመው ቃል ኪዳን እንግባ ቢሉ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የመጀመሪያውን ጋብቻ እግዚአብሔር ያጋባው በአትክልት ስፍራ ነው፤ ያኔ ጣሪያም አልነበረም።

ነገር ግን ሜዳ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ይህን ለከምባታና ለሀዲያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሴት ልጅ የምትጠለፈው የት ነበር? ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ ገበያ ስትሄድ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፤ ሁሉም ከደጅ ነው፣ ሁሉም ከሰማይ በታች ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ይህን አልደበቀም። በመሳፍንት 21 የሴሎ ልጃገረዶች በዓል ሊያከብሩ ወጥተው ሲጨፍሩ፣ የብንያም ጎልማሶች በወይን አትክልት ውስጥ አድፍጠው እየነጠቁ ወሰዷቸው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ምክሩን ያወጡት የማኅበሩ ሽማግሎች መሆናቸው ነው። ለብንያም ሴት ልጆቻቸውን ላለመስጠት በመሐላ ታስረው ነበርና ልጃገረዶቹን አስጠልፈው ከመሐላቸው ሊወጡ ፈለጉ። የልጃገረዶቹ አባቶች ቢጮኹ እንኳ እንዴት እንደሚያለሳልሷቸው ቀድመው ተነጋግረው ነበር። በእኛም አገር ጠለፋን ጋብቻ ያስመሰለው ብዙ ጊዜ ጠላፊው ብቻውን አይደለም፤ በማግስቱ በግ ይዞ የሄደው ሽማግሌም አለበት።

ሕጉም ለረጅም ጊዜ ከዚያ ሽማግሌ ጋር ቆሞ ነበር። በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ይህን ዘጋው፤ አንቀጽ 587 ጠላፊን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ በኋላ ጋብቻ ተፈጸመ ተብሎም ከቅጣቱ ማምለጥ አይቻልም። ሕጉ ይህን የተማረው በስንት እኅቶቻችን ለቅሶ ነው።

እንግዲህ ሠርጉን ሁሉ ትተው የሚኮበልሉም አሉና፣ ተስማምቶ መኮብለልንና ጠለፋን ምን ይለያቸዋል? ሁለቱም ሌሊት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም ወላጅ ሳያውቅ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያቸው የልጅቱ ቃል ነው። ታዲያ ያንን ቃል ማን ሰማ? ማንም ካልሰማ፣ ነገ ወንዱ ወዳ መጣች ሲል እርሷ ደግሞ ተገድጄ ብትል፣ መሐል ገብቶ የሚመሰክር ሰው ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ድንኳኑ ቢቀር ግድ የለም፣ ምስክሩ ግን አይቅር የምለው።

የላባን ነገር አስቡ። ርብቃ ከቤቷ ስትወጣ ወንድሟ ላባና እናቷ ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን ብለው በአፏ ጠየቋት፤ እርሷም እሄዳለሁ አለች። ያው ላባ ዓመታት አልፈው አባት ሲሆን ምን አደረገ? በዘፍጥረት 29 የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰብስቦ ድግስ ደገሰ። ሕዝቡ በላ፣ ጠጣ፣ ያዕቆብም ራሔልን ያገባ መሰለው። ሲነጋ ከጎኑ ያገኘው ልያን ነው። ልያን ማንም አልጠየቃትም፣ ራሔልንም ማንም አልጠየቃትም። ያ ሁሉ እንግዳ እየበላ ሳለ የተፈጸመ ማታለል ነው። ከሁለቱ የቱ ሠርግ ይሻላል? ሰው የሞላበት ነገር ግን የሙሽራዋ ድምፅ የማይሰማበት ወይስ ጥቂት ሰዎች እሄዳለሁ ስትል የሰሟት?

የቦዔዝና የሩት ታሪክ ደግሞ ለኮብላዮች የተጻፈ ይመስለኛል። ሩት በሌሊት ወደ አውድማው ወርዳ ፈቃዷን ለቦዔዝ ነገረችው። ቦታው ሜዳ ነው፣ ጊዜው ጨለማ ነው፣ ሁለቱም ይፈላለጋሉ። ብዙ ወጣት ነገሩ እዚያው አለቀ ይላል። ቦዔዝ ግን እዚያ አልጨረሰውም። ሲነጋ ወደ ከተማዪቱ በር ወጣ፣ ከሽማግሎች አሥር ሰው አስቀመጠ፣ ከእርሱ የሚቀድም የመቤዠት መብት ያለውን ዘመድ ጠርቶ በፊታቸው አነጋገረው፣ ከዚያ በኋላ ሩትን እንደወሰደ ሁሉም እንዲመሰክሩ ጠራቸው። የከተማ በር ማለት ሰው ሁሉ የሚወጣበትና የሚገባበት ደጅ ነው፤ እዚያም ድንኳን አልነበረም። በአውድማ የተጀመረው በደጅ ተፈጸመ፣ ሁለቱም ከሰማይ በታች ነው፤ ልዩነቱ ብርሃንና ሰው መኖሩ ብቻ ነው።

ሰው ስል ስንት ሰው? እዚህ ላይ የአገራችን ሕግ ከብዙ ወላጅ ይልቅ ልከኛ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ የጠየቀው ለሙሽራው ሁለት፣ ለሙሽራዋም ሁለት ምስክር ነው። አራት ሰው ብቻ። ከዚያ ሌላ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው እንዲሆኑና በነጻ ፈቃዳቸው እንዲስማሙ ይጠይቃል። ሰንጋ አልጠየቀም፣ ኬክ አልጠየቀም። ነገር ግን ያው ሕግ ጋብቻው በይፋ እንዲፈጸም ይላል፤ ተጋቢዎች አስቀድመው ሹሙን እንዲያሳውቁ፣ ሹሙም ለሌላው እንዲያሳውቅ፣ የሚቃወም ምክንያት ያለው ሰው እንዲቀርብ በር ይከፍታል። ድግሱን ለተጋቢዎች ተወው፣ ይፋነቱን ግን አልተወም።

ይፋ መሆን ምን ያህል ኃይል እንዳለው የከምባታ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዱራሜ የተደረገውን ሠርግ ታስታውሳላችሁ። በ2012 ያረፉት ቦጋለች ገብሬ ከመሠረቱት ከከምባቲ መንቲ ጌዚማ ቶፔ የሴቶች ድርጅት ጋር የቆሙ ሁለት ወጣቶች፣ ሙሽራዋ ያልተገረዘች መሆኗን ሁለቱም በአደባባይ ተናግረው ተጋቡ። ያኔ በአካባቢያችን ያልተገረዘች ሴት የሚያገባት ይኖራል ብሎ ማንም አያስብም ነበር። እነርሱ በድብቅ ተጋብተው ቢሆን ለራሳቸው በቂ ነበር፤ ለሌላው ልጅ ግን ምንም አይጠቅምም ነበር። በሕዝብ ፊት ስለቆሙ ብዙ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ከመገረዝ ለማዳን ልብ አገኙ። የምግቡን ዝርዝር ዛሬ ማን ያስታውሳል? የተናገሩትን ቃል ግን አገር ያውቀዋል።

አሁን ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ፤ እናንተን ሳልነካ ባልፍ ስብከቱ ግማሽ ይሆናል። ልጆች የሚኮበልሉት ሁልጊዜ ስለ ፍቅር ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ልከው ጥሎሹ ሲቆለልባቸው፣ ጎሣው ወይም ሙያው አይመጥንም ተብሎ በሩ ሲዘጋባቸው፣ የወንዱ ቤተሰብ ድግሱን መሸከም አቅቶት ዓመት በዓመት ሲያስቆጥራቸው ይጠፋሉ። ከጠፉ በኋላ ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ ዕርቅ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የምትቀበሉትን ነገር መጀመሪያ ብትቀበሉ ልጅቷ በሌሊት ማንም ሳይሰማት አትወጣም ነበር። የሙያና የጎሣ ንቀትን በተመለከተ የምለው አጭር ነው፤ ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ግቡበት።

ሜዳውን ለመረጣችሁ ልጆችም ምክር አለኝ። ጥር ላይ ከሆነ ሰማዩ አያሳፍራችሁም፤ ከየካቲት በኋላ የበልጉ ዝናብ፣ ከሰኔ በኋላ ክረምቱ አለ፣ ያለ መጠለያ ቀን አትቁረጡ። ጠዋት ይሻላል። የሰው እርሻ አትርገጡ፣ የሰው እንሰት አትቁረጡ፤ ባለመሬቱን አስፈቅዱ። በአቅራቢያው ልቅሶ ካለ ሞንታርቦ አያስፈልጋችሁም፣ መዝሙሩ በአፍ ይዘመር። የውኃውን ፕላስቲክ ለቅማችሁ ተመለሱ። አንዳንዶቻችሁ ሐምበሪቾ ተራራ ላይ ካልተጋባን ትላላችሁ፤ ቦታው ውብ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አገሩ ሁሉ ከዚያ ይታያል። ግን 777 ደረጃውን አያታችሁ እንዴት ትወጣዋለች? እርሷ የማትደርስበት ስፍራ ለእናንተ ቀላል፣ ለእርሷ ከባድ ነው። የቤታችሁ ደጅ ያለችው ዝግባ ሥር ወንበር ከእድር ተውሳችሁ አስቀምጧት፤ በረከቷ ከፎቶው ይበልጣል።

ፎቶ ካልኩ ዘንድ፣ ቀላል ሠርግ መስሎ የሚመጣ ሌላ ወጪ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ እንጦጦ ፓርክ ሄዶ በዛፍ መሐል ፎቶ ተነሥቶ፣ ከዚያ አዳራሽ ገብቶ አምስት መቶ ሰው ማብላት ተለምዷል። ሜዳውን ለፎቶ፣ አዳራሹን ለሕዝብ። ይህ ልማድ ወደ እኛም እየመጣ ነው። ሁለቱንም መክፈል ማለት ነውና ቀላል ብላችሁ አትጥሩት።

ሽማግሎች፣ አገልጋዮች፣ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ በሚመጣው ጥር አንድ ልጅ መጥቶ ከዛፍ ሥር አጋቡን ቢላችሁ አትመልሱት። ዕድሜያቸውን ጠይቁ። ልጅቱን ከቤተሰቧም ከእርሱም ለይታችሁ ብቻዋን አነጋግሯት፣ እንደ ርብቃ በራሷ አፍ ትናገር። አራት ምስክር ጥሩ፤ ሁለቱ እርሷ የምታምናቸው፣ ከእርሷ ወገን የሆኑ ይሁኑ። ከዚያ ጸልዩላቸው፣ ቡና አፍሉላቸው። ጋብቻው በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥም ወደ ቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወስዳችሁ አስመዝግቧቸው።