የአባት በትር ወሰን

አባት ልጁን ይገሥጽ ዘንድ ሥልጣን እንዳለው የሚክድ የለም። ጠቢቡ ሰሎሞን በትርን ከተግሣጽ ጋራ አያይዞ መናገሩን፥ ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ልጆች ለወላጆቻቸው እንዲታዘዙ ማዘዙን ሁላችን እናስተምራለን። ነገር ግን ያው ሐዋርያ በዚያው ምዕራፍ አባቶችን ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ መከልከሉን ስንቶቻችን በዐውደ ምሕረት እንናገራለን? እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ሰበክሁ፤ ሁለተኛውን ግን ጥቂት። እንግዲህ ጥያቄው አባት መቅጣት ይችላልን የሚል አይደለም፤ ቅጣቱ ግፍ በሆነ ጊዜ በሩን የሚያንኳኳ ማን ነው የሚል ነው።

ልጅ አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ቢሰብር በገዛ ቤቴ ውስጥ ሰበርሁት ብሎ አይድንም። ስለዚህ የቤት ገመና አይገለጥም የምንለው አነጋገር በዚህ ነገር ለመቺው መሸሸጊያ ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ደንግጓል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በ576ኛው አንቀጽ ሕፃንን የሚያንገላታውንና የሚደበድበውን አሳዳጊ ሲቀጣ፥ ለወላጅ ግን በተገቢው መንገድ የማረም መብቱን ትቶለታል። ተገቢው የቱ ነው? ይህን የሚመረምር ዳኛ በፎገራ ገበሬ ጎጆ ውስጥ አይቀመጥም፤ የልጁን ጀርባ የሚያየው መምህሩ ነው።

ሩዝ በርብና በጉማራ ዙሪያ ባለው ሜዳ ከተስፋፋ ወዲህ ልጆች ወፍ ለመጠበቅና ለአጨዳ ከትምህርት ይቀራሉ። የወረታ አካባቢ መምህር ስም ጠርቶ መልስ ቢያጣ ከሩዝ ማሳ ይሆናል ብሎ ያልፋል። አንዳንዱ ግን የቀረው ፊቱ ስላበጠ ነው። በሥራ የቀረውን በዱላ ከቀረው ለመለየት ቤቱ ድረስ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ጦርነት ከተነሣ ወዲህማ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ቈዩ፥ ከወላጁ በቀር ልጁን በየዕለቱ የሚያይ የጠፋበት ቀበሌ ጥቂት አይደለም። በዚያ ጊዜ የሚቀረው ካህኑ ነው።

እኛ ካህናት ግን ዱላው በራሳችንም ቤት ኖሯል። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ከአባቱ ዱላ ሸሽቶ ወደ ጉባኤያችን የመጣ ልጅ ነበረ፤ መጠጊያ አገኘሁ ሲል ቀለም አልያዝህም ተብሎ በአለንጋ ተገረፈ። ከዚያስ ወዴት ይሽሽ? መምህሬን እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ግን መልካም ነበረ ብዬ አልጽፍም።

ሌላው መሰናክል ሽምግልናችን ነው። መስቀል ይዘን ገብተን ታላላቆቹን እናስታርቃለን፤ ሕፃኑን የሚጠይቀው ግን የለም። በተለይ ልጅቱ ተደፍራ እንደ ሆነ ይህን በዕርቅ መሸፈን ከቶ ሥልጣናችን አይደለም፤ የወንጀሉ ሕግ 627ኛ አንቀጽ ከ13 ዓመት በታች የሆነችውን ለደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ወስኖበታል። የንስሐን ምሥጢር ምክንያት የሚያደርጉም አሉ። ኃጢአቱን የተናዘዘ ሰው ምሥጢሩ ይጠበቃል። ሕፃን የደረሰበትን መከራ መናገሩ ግን አቤቱታ እንጂ ኑዛዜ አይደለም፤ ተበዳይ በበዳዩ ኃጢአት ምን ይናዘዛል?

ይህን የሰማ ካህን ከመምህሩ ጋራ ሆኖ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያመልክት። አባትየው የንስሐ ልጁ ቢሆን ይቀየመው ይሆናል፤ ምናልባትም ሌላ የንስሐ አባት ይይዛል። ይያዝ። ልጁ በዚያች ሌሊት ከማን ዘንድ እንደሚያድር ግን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል፤ መከሰሱን ሰምቶ ወደ ተቈጣ አባት መልሶ መስደድ አይቻልምና።