ቃልን ሳይመረምሩ ስለ መናገር

ወገኖቼ ሆይ፣ ቃልን ከሥሩ መርምሮ መናገር ከአበው የተረከብነው ሥርዐት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ግን ሥርዐቱን ንቀን፣ የባዕዱን ቃል ከየት መጣህ ሳንለው እንደ ካባ ደርበን፣ በየጉባኤውና በየማመልከቻው ስንመጻደቅበት መኖራችን እጅግ ያሳዝናል።

እንግሊዞች የጋለ ደስታን የሚገልጹባቸው ኢቡሊየንትና ኤክዙበራንት የተባሉ ቃላት አሉ። ሁለቱን አንድ አድርገን እንናገራቸዋለን፤ አንድ ግን አይደሉም። ፊተኛው መፍላት ከሚል የላቲን ግስ ወጥቶ፣ አስቀድሞ እሳት ላይ ለሚንተከተክ ፈሳሽ፣ ኋላም ደስታው ከውስጡ ለሚገነፍል ሰው የተነገረ ነው፤ ሁለተኛው ግን ልምላሜንና ፍሬያማነትን ከሚያመለክት፣ የላም ጡት ከሚጠራበትም የላቲን ቃል ጋራ ከሚዛመድ ሥር ስለ በቀለ፣ ከሰው አልፎ አጥር ለዋጠ ሐረግና ልክ ላጣ ጌጥ ይሆናል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀ መንበር የነበሩት አላን ግሪንስፓን በ1996 እ.ኤ.አ. የገበያው ዋጋ ያለ ምክንያት አብጦ ይሆን ብለው ሲጠይቁ የመረጡት ሁለተኛውን ነው፤ ከልክ ማለፍ በቃሉ ውስጥ አለና። እኛ ግን ይህን ሳንለይ፣ ለሒሳብ ሠራተኛነት ስናመለክት እንኳ ራሳችንን የምንፈላ አድርገን እናቀርባለን! ቀጣሪውም ሳያውቀው ያደንቃል።

ይህ የአእምሮ ድኽነት ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ስንፍናና ከንቱ ውዳሴ ነው። በቅኔ ቤት ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ያደረ ተማሪ ግሱን ከነርባታው፣ አገባቡን ከነምስጢሩ ሳያውቅ ቃል አይደፍርም ነበር። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ ኅትመቱን ሳያዩ ቢያርፉ፣ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሊቃውንት ለቃል ሥር ይህን ያህል ሲደክሙ፣ እኛ መዝገበ ቃላቱን በእጅ ስልካችን ይዘን ስንዞር አንዲት ቃል መፈለግ ከበደን።

ዋጋውንም እየከፈልን ነው፤ የባዕዱን ሳንይዝ የራሳችንን ጣልን፤ ሐሤት፣ ፍሥሓና ተድላ በየፊናቸው ይቆሙ የነበሩት፣ ዛሬ ሁሉም ደስታ ተብለው ተጨፍልቀዋል፤ ልጆቻችንም መለያየታቸውን የሚነግራቸው አጡ።

እንግዲህ እንመለስ፤ መዝገቡን እንግለጥ፣ ሊቁን እንጠይቅ፣ ፍቺውን ያልመረመርነውንም ቃል ከአንደበታችን እንከልክል።