ትንኟ ድሬዳዋ ላይ እንዴት ተያዘች

ከጃንዋሪ እስከ ሜይ 2022 ድሬዳዋ ውስጥ 2,425 የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው)። በ2019 በእነዚያው ወራት የተመዘገቡት 205 ነበሩ። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመሙ።

ጥርጣሬው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ላይ ወደቀ። ከእስያ የመጣችው ይህች ትንኝ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪደሃር ተገኝታለች፤ ድሬዳዋ መድረሷም ከወረርሽኙ በፊት ታውቋል። ረግረግ ሳትሻ በሮቶና በበርሜል ውኃ ትራባለች። ወባው አለ፣ ትንኟም አለች፤ የሚቸኩል የማስተርስ ተማሪ ጥቂት ትንኝ ይዞ፣ ፒሲአር የተባለውን የዘረመል ምርመራ ሠርቶ፣ ቴሲሱን ይዘጋ ነበር። ግን አንድ ሰፈር ውስጥ መገኘት ወንጀለኛ አያደርግም።

የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩቱ ሞለኪውላር ባዮሎጂስት ፍጹም ግርማ ታደሰና ባልደረቦቹ ከላብራቶሪው በፊት ማነጻጸሪያ አበጁ። ወባ የተገኘባቸውን ሕሙማን ያዙ፤ ትኩሳት ይዟቸው መጥተው ወባ ያልተገኘባቸውንም አብረው ያዙ። ከዚያ የሁለቱንም ወገን ቤት ሄደው አብረዋቸው የሚኖሩትን መረመሩ፤ በአካባቢው እጭና ትንኝ ፈለጉ። ወባው በሕሙማኑ ዙሪያ ተሰባስቦ ተገኘ፤ ስቴፈንሳይ ባለችበት ደግሞ ይበልጥ። ከተያዙት ትንኞች ውስጥም ወደ ሰው የሚተላለፈው የወባ ተዋሲያን ተገኘ። ለእኔ የጥናቱ ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ትኩሳት ኖሯቸው ወባ የሌለባቸው ሰዎች ባይጠየቁ ኖሮ የትንኟ መኖር ምንም አይነግረንም ነበር። ተማሪዎቻችን ስለ ፒሲአሩ ፕራይመር የሚጨነቁትን ያህል ስለ ማነጻጸሪያ ሲጨነቁ ብዙ አላይም።

የዘረመል ሥራው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተዋሲያኑ በዘር እጅግ የተቀራረቡ ሆኑ። በሽታው በየተጓዡ ከየቦታው የገባ ቢሆን ኖሮ ዓይነቱ ይበዛ ነበር፤ መቀራረቡ ግን እዚያው ከተማ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው በትንኝ መዛመቱን ያሳያል። ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ ታተመ።

በዚያው ምርመራ ሌላ ጉድ ወጣ፦ ተዋሲያኑ ለአርቴሚሲኒን መድኃኒት መላመድን የሚያመለክት የዘረመል ለውጥ ተሸክመዋል። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመልም ጠፍቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ወባ ሕመምተኛውን እያንቀጠቀጠው፣ ጣቱ ተወግቶ ደሙ እንዲህ ባለ መመርመሪያ ላይ ሲንጠባጠብ የሚወጣው መስመር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ነፃ ነህ ተብሎ ፓራሲታሞል ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።