ጭብጨባው ለየትኛው ድምፅ ነው?

አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ፥ የተነገረ ቃል ተመልሶ የማይያዝ መሆኑን በአጭሩ መናገራቸው ነው። ቃል ብቻ ሳይሆን ዜማም እንዲሁ ነበር። ዘፋኙ በሕዝብ ፊት ቆሞ ድምፁን ከለቀቀ በኋላ፥ ያማረም ቢሆን የተሰበረም ቢሆን፥ ሊያርመው የሚችልበት አንዳች መንገድ አልነበረውም። የሰማው ይመሰክራል፤ ያልሰማው ከሰማው ይጠይቃል፤ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን የወጣውን ድምፅ ከአፋፉ መመለስ፥ ከመለሱትም በኋላ እንደ ፈለጉ መለወጥ የሚቻል ሆነ። ይህ ችሎታ ታላቅ ጥቅም እንዳለው ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ የግብረ ገብ ጥያቄ አብሮት መጥቷል፤ ይኸውም፥ በሕዝብ ፊት የተደረገ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሙዚቃ ኋላ በዝግ ክፍል ውስጥ ቢታረም፥ እውነተኛነቱ ይጸናልን ወይስ ይፈርሳል? የሚል ነው።

አሠራሩን ላላየ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። በትልልቅ የሙዚቃ መድረኮች ላይ ለዘፋኙ፥ ለጊታሩ፥ ለከበሮው፥ ለእያንዳንዱም መሣሪያ ማይክሮፎን ይቆማል። ከየማይክሮፎኑ የሚመጣው ድምፅ በመቅጃው ላይ በየራሱ መስመር ተለይቶ ይቀመጣል። መስመሮቹ የተለያዩ ስለ ሆኑ፥ ከሳምንታት በኋላ የጊታሩን መስመር ብቻ ደምስሶ፥ ተጫዋቹ የሌሎቹን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ እንደ ገና እንዲጫወት ማድረግ ይቻላል። ይህም ድምፅን በድምፅ ላይ መደረብ ማለት ነው።

ሥራው በራሱ ነውር የለበትም። ሲድኒ ቤሼ የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በ1941 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስድስት መሣሪያዎችን ብቻውን በየተራ ተጫውቶ በአንድ ሸክላ ላይ ደራርቧቸዋል። ሌስ ፖልና ሜሪ ፎርድም በ1951 ዓ.ም. በዚሁ ዘዴ ሠርተው፥ ሁለት ሲሆኑ እንደ ብዙ ሰው ተሰምተዋል። በዚህ ማንም አልተታለለም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ክላሪኔትና ከበሮ፥ ፒያኖና ሳክስፎን ሊጫወት እንደማይችል ሕፃን እንኳ ያውቃልና፥ ሥራው አሠራሩን ራሱ ይናገራል።

ችግሩ የሚጀምረው በሸክላው ሽፋን ላይ በሕዝብ ፊት የተቀዳ መሆኑ ሲጻፍ ነው። ይህ ቃል የጌጥ ቃል አይደለም፤ የምስክርነት ቃል ነው። በዚህ ቀን፥ በዚህ ቦታ፥ በእነዚህ ሰዎች ፊት ይህ ነገር ተደረገ ይላል። ገዢውም ገንዘቡን የሚከፍለው ለዜማው ብቻ ሳይሆን፥ እርሱ ባልነበረበት ሌሊት እንደ ነበረ ሆኖ ለመስማት ነው።

ስለዚህ ነገር ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የዱክ ኤሊንግተን ይመስለኛል። ይህ ታላቅ የጃዝ ሰው በ1973 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለ ስለ ሆነ፥ ስሙ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ዝናው ቀዝቅዞ፥ ጊዜው አልፎበታል እየተባለ ይነገርለት ነበር። በጁላይ 7 ቀን 1956 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒውፖርት ከተማ በተደረገው የጃዝ በዓል ላይ ከኦርኬስትራው ጋር ቀረበ። በዚያ ሌሊት ፖል ጎንሳልቬስ የተባለው የሳክስፎን ተጫዋች ተነሥቶ፥ 27 ዙር ያለማቋረጥ ብቻውን ተጫወተ። ሕዝቡም ከወንበሩ ተነሥቶ መጨፈርና መጮኽ ጀመረ።

ይሁን እንጂ ጎንሳልቬስ የተጠጋው ማይክሮፎን የሸክላው ኩባንያ ሳይሆን፥ ዝግጅቱን ለብቻው ይቀዳ የነበረው የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ማይክሮፎን ነበር። ስለዚህ በኩባንያው ቅጂ ላይ የዚያ ሰው ድምፅ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ደክሞ ተሰማ። ኤሊንግተንም ለበዓሉ የደረሰው አዲስ ድርሰት በቂ ልምምድ ያልተደረገበት ሆኖ ስላላረካው፥ ኦርኬስትራው ወዲያው ስቱዲዮ ገብቶ ዳግመኛ ተጫወተ፤ በስቱዲዮው ሥራም ላይ የሕዝብ ጭብጨባ ተጨመረበት። በዚያው ዓመት የወጣው ሸክላ ከኤሊንግተን ሸክላዎች ሁሉ የበለጠ ተሸጠ። ከውስጡ በእርግጥ በኒውፖርት መድረክ ላይ የተደረገው ግን ከግማሽ ያነሰ ነበር።

ይህ የኤሊንግተን ብቻ አይደለም። ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1966 ዓ.ም. ባወጣው የመድረክ ሸክላ ውስጥ ሁለት ዘፈኖች ከነጭራሹ በስቱዲዮ የተሠሩ ሲሆኑ የሕዝብ ጩኸት ተለጥፎባቸዋል። ጁዳስ ፕሪስት የተባለው ባንድ በ1979 ዓ.ም. በቶኪዮ በቀዳው ሸክላ ላይ፥ ዘፋኙ በመድረኩ ጊዜ ታሞ ስለ ነበር ኋላ በስቱዲዮ ዳግመኛ ዘፍኖ ድምፁን ተክቶታል። ቲን ሊዚ የተባለው የአየርላንድ ባንድ በ1978 ዓ.ም. ስላወጣው የመድረክ ሸክላ ደግሞ፥ አዘጋጁ ቶኒ ቪስኮንቲ ከመቶ 75 እጁ በስቱዲዮ የተደረበ ነው ሲል፥ የባንዱ ወገን ከመቶ 75 እጁ የመድረክ ነው ብሎ ተከራክሮታል። አንባቢ ይህን ያስተውል። ሁለቱም ወገኖች በሥራው ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም የሚጠሩት ቁጥር አንድ ነው፤ አንዱ ግን የሌላውን ገልብጦታል። ያረመውን ነገር በጊዜው ያላስታወቀ ሰው፥ ኋላ እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

የእርማቱ ጠበቆች የሚያቀርቡት መከራከሪያ እንዲሁ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በመድረክ ላይ የተሰበረ ድምፅ፥ ይላሉ፥ በአዳራሹ ላለው ሰው እንደ ብልጭታ አልፎ ይሄዳል፤ በብርሃኑና በግርግሩ፥ በዘፋኙም ፊት ተሸፍኖ አይታወቅም። ሸክላውን ገዝቶ በቤቱ መቶ ጊዜ ለሚሰማው ግን ያ አንድ ስሕተት መቶ ጊዜ ይደገማል። እንግዲህ ስሕተቱን ማስወገድ፥ በአዳራሹ የነበረው ሰው የተሰማውን ደስታ ለቤት አድማጭ መመለስ እንጂ ማታለል አይደለም ይላሉ። ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄዷል። በ1964 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት መጫወቱን ፈጽሞ ትቶ በስቱዲዮ ብቻ ተወሰነ፤ በ1966 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍም የባኽን አንድ ፉጋ ከሁለት የተለያዩ ቅጂዎች እየቈረጠ እንደ ቀጠለው በግልጥ ተናገረ። በእርሱ አሳብ የተቀዳ ሙዚቃ የኮንሰርት ግልባጭ ሳይሆን ራሱን የቻለ ጥበብ ነው።

እኔም በጉልድ ላይ የማነሣው ክስ የለኝም። እርሱ በሕዝብ ፊት ተጫወትሁ አላለም፤ የቀጠለውንም ቀጠልሁ ብሏል። የእኔ ጥያቄ በሌላ ቦታ ላይ ነው። ስለ ዘፋኙና ስለ ገዢው ብዙ ይባላል፤ ስለ ሦስተኛው ወገን ግን የሚያስብ አይገኝም። ሦስተኛው ወገን ያጨበጨበው ሕዝብ ነው።

አዝማሪ ሲዘፍን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ በመድረክ ላይ ያለ ሙዚቃ የአንድ ወገን ሥራ አይደለም። ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል፤ ቤቱ በሳቅና በእልልታ ይመልሳል፤ በዚያ መልስ ደግሞ የአዝማሪው ልብ ሞቆ የሚቀጥለው ስንኝ ይወለዳል። ጭብጨባ እንግዲህ የዘፈን ጌጥ ሳይሆን ለዘፈን የተሰጠ መልስ ነው። ሰዎቹ «ሰምተናል፥ ወደነዋል» ብለው በእጃቸው የተናገሩት ቃል ነው። ዘፈኑን አንሥቶ በቦታው ሌላ ዘፈን አስገብቶ ጭብጨባውን እንዳለ መተው፥ ሰዎች ላልሰሙት ነገር እንዲመሰክሩ ማድረግ ነው። የቶኪዮ ሕዝብ ያጨበጨበው ለታመመው ሰው ድምፅ ነበር። ምናልባት ድምፁ እየደከመ አለመተዉን አይተው ይሆናል ያጨበጨቡት። ሸክላው ግን ያንን ጭብጨባ ወስዶ ለጤነኛ ድምፅ ሰጥቶታል።

ይህን ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርሁ። ስለ አንድ ዕቅድ በተነጋገሩበት ቀን፥ ከአባሎቹ አንድ አረጋዊ ቃላቸው እየተቈራረጠ፥ «ለእኔስ አልታየኝም፤ እናንተ ካላችሁ ግን ይሁን» የሚል አሳብ ሰጡ። ሁሉም በመጨረሻው ገጽ ላይ ከፈረሙ በኋላ፥ የፊተኞቹን ገጾች ጽሕፈት ለማሳመር ብዬ እንደ ገና ገለበጥኋቸው። ያን የተቈራረጠ ንግግርም «በአሳቡ ተስማምተዋል» በሚሉ ሁለት ቃላት ተካሁት። ክፋት አላሰብሁም፤ ያሰብሁት ስለ ውበት ነበር። ዕቅዱ ከጊዜ በኋላ ሲበላሽ፥ ከተስማሙት አንዱ ናቸው ተብለው አረጋዊው ተጠየቁ። ወደ እኔም መጥተው ወረቀቱን በጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና፥ «ልጄ፥ ጽሕፈትህ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከፊርማዬ በላይ ያለው ቃል የእኔ አይደለም» አሉኝ።

ደግነቱ የመጀመሪያውን ጽሑፍ አልቀደድሁትም ነበርና አውጥቼ ለሚመለከታቸው አሳየሁ። እርሳቸው ከተጠያቂነት ዳኑ፤ እኔም የሚገባኝን ተግሣጽ ተቀበልሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተደረበ የመድረክ ሸክላ ስሰማ፥ ጭብጨባው ፊርማ ሆኖ ይታየኛል። ፊርማው እውነተኛ ነው፤ ከበላዩ ያለው ገጽ ግን ተለውጧል።

እንግዲህ ምንም ዓይነት እርማት አይደረግ ማለቴ ነውን? አይደለም። የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የፊደል ግድፈት ቢያርም የተናጋሪውን አሳብ አልለወጠም። እንዲሁም የደከመውን ድምፅ ከበረታው ጋር ማመጣጠን፥ የመሣሪያውን እዝታ መቀነስ፥ ረዥሙን ዝምታ ማሳጠር ማንንም በሐሰት አያስመሰክርም። ድንበሩ የት ላይ ነው ያሉኝ እንደ ሆነ፥ በዚያ ሌሊት ያጨበጨበው ሰው ሸክላውን ሰምቶ «አዎን፥ ያጨበጨብሁት ለዚህ ነው» ለማለት እስከሚችልበት ድረስ ነው እላለሁ። ከዚያ ያለፈ እርማት ካስፈለገ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሽፋኑ ላይ መጻፍ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የዘለሉትን ቃል ያገኙ እንደ ሆነ በኅዳጉ ላይ ጽፈው፥ የሚገባበትን ቦታ በምልክት ያሳዩ ነበር። መጽሐፉ በዚህ አልረከሰም፤ እንዲያውም አንባቢው ጸሐፊውን ይበልጥ እንዲያምን አድርጎታል። ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1970 ዓ.ም. በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የቀዳውን ሸክላ ሲያወጣ፥ የሚሰማው ጭርጭርታ እንዳይታረም የሚያሳስብ ጽሑፍ በሸክላው ላይ ሰፍሮ ነበር። ጉድለትን መናገር ሥራን አያዋርድም።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። በክር ዘመን ድምፅ መደረብ ስቱዲዮ መከራየትን፥ ሙዚቀኞችን መልሶ መሰብሰብን ይጠይቅ ነበር። ኦቶቲዩን የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ግን የተዛነፈ ድምፅን ማቃናት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ማረም እንዲህ በቀለለ ቁጥር፥ ያረሙትን መናገርም በዚያው መጠን ግዴታ ሊሆን ይገባዋል።

ወደ ኒውፖርት ልመለስና ላብቃ። የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ያን ሌሊት የቀዳው ክር ሳይጠፋ ቆይቶ በ1990ዎቹ ተገኘ። የጎንሳልቬስ ሳክስፎን በዚያ ክር ላይ በቅርብ፥ በጥራት ይሰማ ነበር። ሁለቱ ቅጂዎች ተዛምደው በ1999 ዓ.ም. ሙሉው ኮንሰርት ወጣ። ከ43 ዓመት በኋላ ሕዝቡ ያጨበጨበለት ድምፅና የሕዝቡ ጭብጨባ እንደ ገና ተገናኙ። የልምምድ ማነሱም፥ የማይክሮፎኑም ስሕተት ያንን ሌሊት አላሳነሰውም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ነገር ግን ንጋት የሚጠራው ክሩን የጠበቀ ሰው ስለ ነበረ ነው። ሸክላ የምናወጣም እንሁን ቃለ ጉባኤ የምንጽፍ፥ ማሳመራችን ባይቀርልን እንኳ የመጀመሪያውን አንቅደደው። ከፊርማው በላይ የነበረውን ቃል አንድ ቀን የሚጠይቅ ሰው ይመጣልና።