የሩቁ ዋንጫና የቅርቡ ሜዳ

ታማኝነት ሰው ለወደደው ነገር በድሉም በሽንፈቱም ጊዜ ሳይወላውል ጸንቶ መቆሙ ነው ከተባለ፣ ሰው በአካል አይቶት ለማያውቀውና እርሱንም ለማያውቀው ነገር በእርግጥ ታማኝ መሆን ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተከትሎ ይመጣል። ጥያቄው ጥንት የሃይማኖት ሊቃውንትና የፈላስፎች መመራመሪያ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደራ፣ በራሷ በአዳማ፣ በመተሐራና በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፣ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ የአውሮፓ ክለቦች ጨዋታ ሲጀመር በዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ የሚቀመጠውን ተመልካች ሁሉ የሚመለከት ሆኗል። ተመልካቹ የለንደንን ወይም የማድሪድን ክለብ «የእኛ» ይለዋል፤ ሲሸነፍ ያዝናል፣ ሲያሸንፍ በደስታ እንቅልፍ ያጣል፤ ክለቡ ግን ደራ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቅም። ይህ ፍቅር እውነተኛ ታማኝነት ነው ወይስ የታማኝነት ጥላ፣ ከሃይማኖት አንጻርስ የት ይቆማል የሚለውን ለመመርመር በቅድሚያ የክለቦች ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና እንዴትና ለምን እንደተፈጠረ ማየት ያስፈልጋል፤ ታሪኩ ራሱ የጥያቄውን ግማሽ መልስ ይዟልና።

ብሔራዊ ቡድን አገርን ሲወክል ክለብ የሚወክለው ከአገር ያነሰ፣ ለሰው ኑሮ ግን ይበልጥ የቀረበ ነገርን፣ ማለትም ሰፈርን፣ ከተማን ወይም የሥራ ቦታን ነው። የተለያዩ አገሮች ክለቦች የሚገናኙበት ውድድር በመካከለኛው አውሮፓ ሚትሮፓ ዋንጫ በሚል ስም በ1927 ተጀመረ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1948 ደግሞ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮን ክለቦች በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ተሰብስበው የብራዚሉ ቫስኮ ዳ ጋማ አሸነፈ። ለዛሬው የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ መነሻ የሆነው ግን አንድ ክርክር ነበር። በ1954 መጨረሻ የእንግሊዙ ዎልቨርሃምፕተን በሜዳው የሃንጋሪውን ሆንቬድ 3 ለ 2 ሲረታ የእንግሊዝ ጋዜጣ ቡድኑን የዓለም ሻምፒዮን ብሎ ጠራው፤ ሌኪፕ በተባለው የፈረንሳይ የስፖርት ጋዜጣ ይጽፍ የነበረው ጋብሪኤል አኖ ግን በገዛ ሜዳ በተገኘ አንድ ድል እንዲህ ያለ ማዕረግ ሊታወጅ እንደማይገባ፣ ክለቡ አስቀድሞ ሞስኮና ቡዳፔስት ድረስ ሄዶ መፈተን እንዳለበት ተከራከረ። ከዚህ ክርክር የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ በ1955 ተወለደ፤ ከ1956 እስከ 1960 ያሉትን የመጀመሪያዎቹን አምስት ዋንጫዎችም ሪያል ማድሪድ በተከታታይ ወሰደ።

የአኖ መከራከሪያ ከስፖርት አልፎ ስለ እውነት ምስክርነት የሚናገር ነው፤ ስለ ራስ የሚነገር ክብር እውነትነቱ የሚታወቀው ባለቤቱ ከደጁ ወጥቶ በማያውቀው ሜዳ፣ በማያጨበጭብለት ሕዝብ ፊት ሲመዘን ነውና። ስለዚህ የክለቦች ዓለም አቀፍ ውድድር በመነሻው የቅርቡን ነገር ወደ ሩቅ የመላክ ሥርዓት ነበር፤ አንድ ከተማ ያሳደጋቸውን ልጆች አሰልፎ ሌላ ከተማ ድረስ ይሄዳል፣ ይፈተናል፣ ተመልሶም ስለ ራሱ ከበፊቱ የበለጠ ያውቃል። ደቡብ አሜሪካ በ1960 ኮፓ ሊበርታዶሬስን ጀምራ የኡራጓዩ ፔኛሮል የመጀመሪያው ባለድል ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሪያል ማድሪድና ፔኛሮል የተገናኙበት የአህጉራት ዋንጫ ተጀመረ፤ እስከ 2004 የዘለቀው ይህ ዋንጫም የሁለቱን አህጉሮች ሻምፒዮኖች በየጊዜው አፋጠጠ። ሆኖም ሁለት አህጉሮች ብቻ የሚሳተፉበት ውድድር የዓለም መባሉ አኖ የተቃወመውን ስሕተት በሰፊው መድገም ነበር፤ ሚዛኑ ከደጅ ሳይወጣ ደጁ ብቻ ሰፍቶ ነበርና።

አፍሪካ ወደዚህ ሚዛን የገባችው በራሷ መንገድ ሲሆን በዚያ መንገድ ላይ ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ በ1957 ካርቱም ላይ ሲቋቋም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተገኝተው ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾች የተቀላቀሉበት ቡድን ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ግን ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ተጫዋች የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 ካፍን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ በአፓርታይድ ላይ የያዙት ጽኑ አቋም ከዚህ መሠረት የተነሣ ነው፤ ሰው በቀለሙ ከሜዳ ከተከለከለ ፈተናው ፈተና አይባልምና። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1965 አክራ ላይ ሲጠናቀቅ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ የማሊውን ስታድ ማልየን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ለመጨረሻው ምዕራፍ ከደረሱት አራት ክለቦች አንዱ ደግሞ ኮተን ተብሎ የሚታወቀው የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር፤ በፈትልና በሽመና መኪናዎች ዙሪያ የተሰባሰበ የሠራተኛ ማኅበረሰብ ያፈራው ቡድን ምሥራቅ ኢትዮጵያን ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ አደረሰ ማለት ነው። ውድድሩ ግን ከድሃ አህጉር ችግሮች ነጻ አልነበረም። በ1967 የፍጻሜው ሁለት ግጥሚያዎች 1 ለ 1 እና 2 ለ 2 ተጠናቀው ለሦስተኛው የጋናው አሳንቴ ኮቶኮ ባለመገኘቱ፣ ዋንጫው ዛሬ ቲፒ ማዜምቤ ለሚባለው ለኮንጎው እንግልበርት ተሰጠ፤ በፎርፌ የተገኘው ይህ ዋንጫ ድል ያለ ተፋላሚ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ፣ ባላጋራ ጠላት ሳይሆን የእውነት ምስክር መሆኑን የሚያስተምር ነው።

የኮተን ታሪክ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ባዕድ አይደለም። ዎልቨርሃምፕተንና ሆንቬድ በተገናኙበት በዚያው በ1954 ከአዳማ አጠገብ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ፤ ሥራ ፍለጋ ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጣው፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየው ሠራተኛም በሸንኮራ ማሳው መካከል አዲስ ማኅበረሰብ ሆነ። ወንጂ ስኳርና መተሐራ ስኳር የተባሉት ቡድኖች የወጡት ከእንዲህ ያለው ኑሮ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ክለብ ማለት በሳምንቱ ቀናት አብሮ የሚሠራ፣ በእድርና በለቅሶ የሚገናኝ ሰው በእረፍት ቀኑ አንድ ማሊያ ለብሶ ሲሰለፍ የሚታይበት ነገር ነበር፤ ደጋፊው የተጫዋቹን እናት ያውቃል፣ ተጫዋቹም የደጋፊውን ስም ያውቃል። ታማኝነት በዚህ ሁኔታ ከስሜት ያለፈ፣ በሁለት ወገን የሚከፈል ዕዳ ነው።

የኢትዮጵያ ክለቦች ከዚያ በኋላም ወደ ሩቁ ሜዳ መሄዳቸውን አላቆሙም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2013 በካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ፣ በ2017 ደግሞ በካፍ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ደረሰ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም በ2024 ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሳተፈ። ይሁን እንጂ በዘመናችን ቴሌቪዥን የውድድሩን አቅጣጫ ገልብጦታል፤ ውድድሩ ቅርቡን ወደ ሩቅ መላኩ እየቀነሰ ሩቁን ወደ ቅርብ ማምጣቱ በረታ። በ2025 በአሜሪካ 32 ክለቦች የተሰለፉበት የክለቦች ዓለም ዋንጫ ሲካሄድ አፍሪካ አራት ክለቦች ነበሯት፤ በፍጻሜው ግን ሁለት የአውሮፓ ክለቦች ተገናኝተው ቼልሲ ፓሪ ሳን ዠርማንን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ በስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ብዙው ተመልካች ልቡን የሰጠው ለእነዚህ ለሩቆቹ ነው። ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

አርስቶትል ስለ ወዳጅነት ሲያስተምር ግዑዝን ነገር መውደድ ወዳጅነት እንደማይባል፣ ወዳጅነት ሁለቱ ወገኖች አንዳቸው ለሌላው በጎ የሚመኙበትና ይህንንም ሁለቱም የሚያውቁበት ግንኙነት መሆኑን አስረድቷል። በዚህ መመዘኛ የደራው ተመልካች ለለንደኑ ክለብ ያለው ስሜት ወዳጅነት አይሆንም፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ነውና። የሃይማኖት አስተምህሮዎች ደግሞ መመዘኛውን ያጠብቁታል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለእግዚአብሔር ብቻ የሚቀርበው የአምልኮ ስግደት ለቅዱሳን በአክብሮት ከሚቀርበው የጸጋ ስግደት ይለያል፤ ልዩነቱም ያለው በሰውነት እንቅስቃሴ ሳይሆን ልብ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ በሚወሰንበት በውስጥ ሐሳብ ነው። በእስልምና ከአላህ ጋር ሌላን ማጋራት ሽርክ ይባላል፤ ሥራም የሚመዘነው በኒያ፣ ማለትም በልብ በተያዘው ሐሳብ ነው። በኦሮሞ ሕዝብ የሥነ ምግባር አስተሳሰብ ደግሞ ሰፉ የሚባለው እሳቤ ፍጥረት ሁሉ የየራሱ ቦታና ክብር እንዳለው፣ ሰውም ከእያንዳንዱ ጋር ያለውን ግንኙነት በተገቢው ልክ መጠበቅ እንዳለበት ያስገነዝባል። ሦስቱ በመሠረታቸው ቢለያዩም ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት ብርሃን ይቀራረባል፤ ጥፋቱ መውደዱ ሳይሆን ፍቅር ቦታውን ስቶ የሌላውን ድርሻ መውሰዱ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አማኝ የማያየውን አምላክ ይወዳል፣ ረግጦት የማያውቀውን ቅዱስ ስፍራ ይናፍቃል፤ ታዲያ ሩቅን መውደድ በራሱ ከንቱ ነው ማለት የሃይማኖትን መሠረት አይነካምን? ተቃውሞው ትክክለኛ ነጥብ ይዟል፤ ርቀት ብቻውን ፍቅርን ሐሰት አያደርገውም። ነገር ግን ሃይማኖቶቹ ራሳቸው የሩቁን ፍቅር የሚፈትኑት በቅርቡ ነው። የዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 4 ያየውን ወንድሙን የማይወድ ሰው ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንደማይችል ያስተምራል፤ እስልምናም ለጎረቤት ሐቅ፣ ማለትም ለጎረቤት ስለሚገባው መብት፣ ከፍ ያለ ስፍራ ይሰጣል። የማይታየው አምላክ አማኙን ወደሚታየው ሰው መልሶ ይልከዋል፤ ጣዖት ግን ወደ ራሱ ብቻ ይስባል እንጂ ማንንም ወደ ማንም አይልክም። የሩቁ ክለብም በዚሁ ይፈተናል።

በዚህ ፈተና ሲታይ የዲኤስቲቪ ቤቱ አንድ ብቻ ያልሆነ መልክ አለው። በአንዱ መልኩ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ ነጋዴውና ተማሪው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በአንድ ግብ አብረው የሚነሡበት ስፍራ ስለሆነ፣ ሩቁ ክለብ ሳያውቀው ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኛል፤ ይህን ዋጋ ማቃለል ተገቢ አይደለም። በሌላው መልኩ ደግሞ የለንደን ክለብ ተጫዋቾችን ስም በቅደም ተከተል የሚጠራ ወጣት በሰፈሩ አቧራማ ሜዳ በባዶ እግሩ የሚጫወተውን ታዳጊ ስም ሳያውቅ ሊቀር፣ ለሩቁ ጨዋታ መግቢያ የሚከፍለውን ያህል ለአዳማ ከተማ ክለብ ግጥሚያ ሳይከፍል ሊቀር፣ በባላጋራ ክለብ ደጋፊነት ብቻም አብሮ አደጉን ሊቀየም ይችላል። በመጀመሪያው መልክ ፍቅሩ ሰውን ወደ ሰው ይልካል፤ በሁለተኛው ከአጠገቡ ያለውን ሰው ይሰውርበታል።

ስለዚህ በመነሻው የቀረበው ጥያቄ፣ ሰው ላላየው ነገር ታማኝ መሆን ይችላል ወይ የሚለው፣ ይችላል የሚል መልስ አለው፤ መልሱ የሚጸናው ግን ያ ታማኝነት በሚያየው ነገር ዘንድ ዋጋ ሲከፍል ብቻ ነው። ለሩቁ ክለብ ደጋፊነት መነሣትና መጮኽ በቂ ነው፤ ድሉም ሽንፈቱም ያለ ተመልካቹ ይፈጸማልና። የቅርቡ ሜዳ ግን ካልተደገፈ ይጠፋል፤ ለታዳጊው ጫማ የሚገዛለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆሞ የሚያየው፣ ሲሸነፍም ስሙን ጠርቶ የሚያጽናናው ሰው ያስፈልገዋል። አኖ ባለማዕረጉ ከደጁ ወጥቶ ይፈተን ያለው ክለቡ ደጅ እንዳለው አውቆ ነው፤ ኮተንን አክራ ያደረሰውም ከድሬዳዋ ደጅ መነሣቱ ነው። ወደ ሩቅ የሚሄድ ሁሉ የሚነሣበት ደጅ ያስፈልገዋል፤ የደራ ሜዳ ደግሞ ያለ ደራ ሰው ሌላ ጠባቂ የለውም።