ልብስ ላይ መብራት የሰፋ ተማሪ ምን ዐወቀ?

አንድ የደምበጫ ተማሪ የነጠላ ጥለት ላይ አንዲት ኤልኢዲ አምፖል ሰፍቶ በሦስት ቮልት ክብ ባትሪ አበራት እንበል። ይህ ምርምር ነው ወይስ ጨዋታ? የተማሩት ጨዋታ ነው ይላሉ፤ ወጣቶቹ ፈጠራ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ሳልቀበል ነገሩን ከሥሩ ልመርምር።

በመጀመሪያ፣ ማወቅ ምንድን ነው? አንድን ነገር የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፤ ሲበላሽም የተበላሸበትን ያገኛል። ስለዚህ አምፖሏ ስለበራች ብቻ ተማሪው ዐወቀ አልልም። መመሪያ ተከትሎ የገጠመ ሁሉ ያበራል። የሚፈተነው እምቢ ስትለው ነው።

እምቢ የምትልበትን ቦታ እንይ። በጥለቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ክር አለ። ብረት ስለሚመስል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። በቴስተር ሲነካ ግን ዝም ይላል። እንዲህ ያለው ክር አብዛኛው ስስ አሉሚኒየም በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተሠራ ነውና። በአንጻሩ የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ቢሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ፀጉር የመሰለ መዳብ ከናይለን ክር ጋር ሆኖ ይገኛል፤ ሳይበጠስ እንዲተጣጠፍ የተደረገ ነው። እርሱም ቢሆን መዳቡ በቫርኒሽ ስለተለበጠ ጫፉ በእሳት ካልተለበለበ አያገናኝም። ተማሪው የሚያብረቀርቀው ለምን ዝም እንዳለ፣ የተጣለው ለምን እንደሠራ ከጠየቀ ምርምር ጀምሯል።

«ይህ ሁሉ ቀድሞ ታውቋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። አርዱኢኖ የተባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን አገር ተሠራ፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሊያ ቢክሊ የነደፈችው፣ ልብስ ላይ በመርፌ የሚሰፋው የአርዱኢኖ ዓይነት፣ ሊሊፓድ፣ በ2007 ለገበያ ቀረበ። ነገር ግን እርሷና ቤንጃሚን ማኮ ሂል በ2010 ባወጡት ጥናት በአርዱኢኖ የሚሠሩት እጅግ አብዛኞቹ ወንዶች፣ በሊሊፓድ የሚሠሩት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ተገኙ። ከዚህ መርፌና ክር ሴቶችን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ይጠራል የሚል ትምህርት ተወሰደ።

ይህ ለእኛም ይሠራል? በአሜሪካ ስፌት የሴት ሥራ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። በእኛ ደጋ ግን ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነው፤ በየበረንዳው በስፌት መኪና ፊት የሚቀመጠውም ብዙውን ጊዜ ወንድ ነው። እንግዲያው እዚያ መልስ የሆነው እዚህ ገና ጥያቄ ነው። ደምበጫ ላይ ማንን የሚጠራው የቱ ሙያ ነው? ይህን አሜሪካ ያለ ሰው ሊመልስልን አይችልም።

«ዕቃው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው፤ የእኛ ምኑ ነው?» የሚልም አይጠፋም። የዛሬ ሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ ድሩን ከፋብሪካ ክር ይዘረጋል፤ ሸማው የእኛ አይደለም ያለው ግን የለም። ክሩ በመገዛቱ ሥራው አልተገዛም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ክር ሲወጠር፣ ሲታጠብ፣ ሲታጠፍ የት ላይ እንደሚበጠስ የሚያውቀው ሸማኔው ሆኖ ሳለ፣ ተማሪው ለምን ወደ እርሱ አይሄድም? ምክንያቱ የቆየ ንቀት ይመስለኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የማይሰደብ ሰው አዋጅ አያስፈልገውም፤ አዋጁ የስድቡ ምስክር ነው። «ስድቡ ዛሬ ቀርቷል» ቢባል፣ ስድብ መቅረትና ክብር መምጣት አንድ አይደሉም እላለሁ። ሸማኔን የማይሰድብ ግን የማይጠይቅ ተማሪ ንቀቱን በዝምታ ወርሶታል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ልብስ ላይ መብራት መስፋት በራሱ ምርምርም ጨዋታም አይደለም። ምክንያት ሲጠየቅበት ምርምር ይሆናል፤ ምክንያቱ ደግሞ ግማሹ ቴስተሩ ዘንድ፣ ግማሹ መወርወሪያ የያዘው እጅ ዘንድ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ የምታማክሩ መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ጥናት ሲቀርብላችሁ አስቀድማችሁ «የትኛውን ሸማኔ ጠየቅህ?» በሉት። መልስ ካለው የሸማኔው ስም ከተማሪው ስም ጎን ይጻፍ።